የኸሊል ጣት

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለታይቱ
ካርቱም

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስል አታጉረምርሚ፤ ዛሬ ማስረጃ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ መሐል ገብተሽ ስለምትቆጪኝ ነው፤ ደብዳቤ ሲሆን እስከ መጨረሻው ታደምጪኛለሽ። ፊደሌ ቢንጋደድም በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት የራሴ ነው፤ ማንንም አላስጻፍኩም።

ስኳሬ ካልወረደ ሰሊጡን ትቼ ካርቱም እንደምገባ ቆርጠሽ ነግረሽኛል። ሲስተር ወንጌል ከጎንደር በየሐሙሱ ጠዋት ትደውላለች። እኔ በላክሽልኝ መለኪያ ጣቴን ወግቼ ቁጥሩን አነብላታለሁ፤ እሷም የኢንሱሊኑን ልክ ትነግረኝና ቁጥሩን ላንቺ ታሳውቃለች። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ረቡዕ አጨዳው አልቆልኝ ደስ ቢለኝ፣ ጎረቤቴ ኸሊል ሱቅ ገብቼ ግማሽ ቆርቆሮ ሃላዋ፣ ያን የሰሊጥ ጣፋጭ፣ በላሁ። ሐሙስ ጠዋት ጣቴን መውጋት ፈራሁ።

መለኪያዬን ይዤ ሱቁ ገባሁና ኸሊልን፣ «ሃላዋውን የሸጥክልኝ አንተ ነህ፤ ጣትህን አምጣ» አልኩት። እንደ ዱላ የቀጠነ ሰው ምን ስኳር ይኖረዋል ብዬ። አዲስ መርፌ አውጥቼ ወጋሁት። ሦስት መቶ አርባ አለ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ደንግጬ እንዳለ አነበብኩላት። ውሃ ይጠማዎታል ወይ አለችኝ፤ ዞር ብዬ ኸሊልን ጠየቅሁት። ሽንት ያመላልስዎታል ወይ አለች፤ ዞርኩ። ከስተዋል ወይ አለች፤ ዞርኩ።

«አባባ፣ ማንን ነው የሚጠይቁት? ጣቱ የማን ነው?»

የኔ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ኸሊል ግን «ሙቀቱ ነው የሚያስጠማኝ» እያለ ከዚሩ፣ ከውሃ ጋኑ፣ ሦስተኛ ጣሳ ውሃ ይቀዳል። እናትሽም በመጨረሻው ዓመቷ ከዚሩ ሥር አትጠፋም ነበር። እኛም ሙቀቱ ነው እያልን ነበር። ያኔ የሚደውል ሰው አልነበረም።

«የኸሊል ነው ልጄ፤ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት።

አልጮኸችብኝም። በዚያ ቁጥር መድኃኒቱን ብጨምርልዎ ኖሮ ይገድልዎት ነበር አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ከጩኸት ይብሳል። የራሴን አስወጋችኝ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ። ኸሊልን አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ አለች። ሱቄን ማን ይጠብቃል እያለ ሲንደፋደፍ ክንዱን ይዤ ባጃጅ ላይ ጫንኩት።

ስኳር ሆኖ ተገኘ። ሁለት ቀን አስተኝተው መድኃኒት አስጀመሩት፤ ሳምንት ቢቆይ ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር አሉ። እሱ ግን «ጣቴን ባውስህ በሽታ መለስክልኝ» ይለኛል። ሚስቱ መጂዳ ባገኘችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች፤ ሃላዋውን ግን ከሁለታችንም ደብቃዋለች።

ዛሬ የኔ መቶ አርባ ስምንት፣ የሱ ሁለት መቶ አሥር ሆነ። ሲስተር ሁለታችንንም በአንድ ስልክ ታነጋግረናለች። ኸሊል፣ ያ ስንት ኬላ ያቋረጠ ሰው፣ መርፌ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የምወጋው እኔ ነኝ። በኔ ተራ ደግሞ እሱ አፍጥጦ ይጠብቀኛል፣ ዳግም እንዳላታልል።

ይህን ሁሉ እኔው ራሴ እንድነግርሽ ሲስተርን ለምኛት ነው የባለፈው ሳምንት ቁጥር የዘገየብሽ። ልዋሽሽ ነበርና ፍርዱ ያንቺ ነው። ይምጡ ካልሽኝ እመጣለሁ። ብቻ ሐሙስ ሐሙስ ኸሊልን ማን እንደሚወጋው አስበሽ ጻፊልኝ።

እጅሽ እንደ ዘንድሮ ሰሊጥ ይሙላ፤ እግርሽ በሰላም ደጄን ይርገጥ።

አባትሽ ጀምበሩ