አባታቸውን ፓፍ የከለከሉት የሲስተር ፍሬሰላም እሸቴ የሕይወት ታሪክ
(1963–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር ፍሬሰላም እሸቴ ከአባታቸው ከአቶ እሸቴ ገበየሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ አያሌው ሰኔ 12 ቀን 1963 ዓ.ም. ከጎብዬ ወደ ሜዳው ወረድ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ማሽላ እርሻ ሲወርዱ አብረው ይወርዳሉ፣ ገበያ ሲወጡ አብረው ይወጣሉ፣ ሽምግልና ሲቀመጡም ጋቢያቸው ሥር ገብተው እንቅልፋቸውን ይለጥጡ ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ በሕይወት ሳሉ፣ “ይችን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?” እያሉ ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃን በጎብዬ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቆቦ ተከታትለው ነርስነት ለመማር ደሴ ወጡ። በ1984 ዓ.ም. ተመርቀው መጀመሪያ በሮቢት፣ በኋላም በቆቦ ጤና ጣቢያ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በ1988 ዓ.ም. ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በረከትንና ሰላምን ወልደዋል። አቶ ይድነቃቸው ከቆቦ ዋጃ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዱ ነበር። ሲስተር መርፌ ሲወጉ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ደም አይተው የማይደነግጡ ሴት ነበሩ፤ በባለቤታቸው መኪና ተሳፍረው ግን ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ዋጃ የደረሱበት ቀን የለም።

የእርሳቸውን ታሪክ እየጻፍን ልንዘለው የማንችለው ነገር የአባታቸው የአስም ሕመም ነው። አቶ እሸቴን ማሽላ ሲወቃ የሚነሳው አቧራ ደረታቸውን ያፍናቸው ነበር። ሲስተር ሰማያዊውን ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ገዝተው ሲያመጡላቸው ደረታቸው ወዲያው ተከፈተና መንደሩ ሁሉ ጉድ አለ። በአገራችን አውድማ ላይ የአንዱ ውሃ የሁሉም ነውና ፓፉም በደቦው መሐል እንደ ውሃ ቅል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያሳለው ሁሉ ሳበለት፤ አቶ እሸቴም ለሌላ አዳርሰው ለራሳቸው ደጋግመው ሳቡ። ባለቀ ቁጥር ሲስተር ሌላ ይገዛሉ። አባት ጠይቆ ልጅ እንዴት እምቢ ይላል?

ውሎ አድሮ ጠዋት የሳቡት ለቀትር አልደርስ አለ። ጎረቤቱ መድኃኒቱ ውሃ ተቀላቅሎበታል ብሎ አማ። በኅዳር 1997 ዓ.ም. አቶ እሸቴ ፓፉን እንደያዙ አውድማው ላይ ወደቁ፤ በአቶ ይድነቃቸው መኪና ተጭነው ሆስፒታል ደርሰው በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ።

ሐኪሙ ለሲስተር ያስረዷቸውን እርሳቸው ደግሞ ለእኛ ሲያስረዱን ኖረዋል። በሳንባችን ቧንቧዎች ላይ ያሉ ሕዋሳት የመድኃኒቱን መልእክት የሚቀበሉባቸው በጣም ጥቃቅን ተቀባዮች አሏቸው። መልእክቱ ያለ ፋታ ሲደጋገምባቸው ግማሾቹ መልስ መስጠት ያቆማሉ፤ ግማሾቹን ሕዋሱ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የሚሰማው ጠፍቶ ነው። ከሥር ያለው የቧንቧው እብጠት ደግሞ ሳይታከም ይብስበታል። ሲስተር ይህን ሲሰሙ፣ የሚወዷቸውን አባታቸውን በገዛ እጃቸው ሊያጧቸው እንደነበር ገብቷቸው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ቆራጥ ሆኑ። ጠዋትና ማታ የሚሳበውን፣ እብጠቱን የሚቀንሰውንና ሕዋሱ ተቀባዮቹን መልሶ እንዲያወጣ የሚረዳውን ቡናማ ፓፍ አመጡ። ሰማያዊው በእውነት ሲጨንቃቸው ብቻ እንዲሰጣቸው በእናታቸው በወይዘሮ ብዙነሽ እጅ አስቀመጡት። ቡናማው ወዲያው ደረት አይከፍትም፤ አቶ እሸቴም ልጃቸው የናቀቻቸው መሰላቸው። “ልጄ ትንፋሼን ነፈገችኝ” ብለው ሽማግሌ ፊት ከሰሷቸው፤ ካልመለሰችልኝ ምርቃቴን አታገኝም ሲሉም ማሉ። አባት ምርቃቱን መንሳቱ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲስተር ግን ፓፉን አልመለሱም።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በሸህ ኑሀ መጋዘን በረንዳ ላይ ነበር። ሸህ ኑሀ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ሲስተር ገና ከመግባታቸው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲወስዱ ሽማግሌዎቹ እንደ ንቀት ቆጥረውት ፊታቸውን አጨፈገጉ። ሲስተር ግን፣ “አባቶቼ፣ የቆዳው ሽታ አሁን ይሸታችኋል?” ብለው ጠየቁ። አየሩን ሳብ ሳብ አደረጉ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ስለነበር ለአንዳቸውም አይሸታቸውም። ሸህ ኑሀ ሳቃቸው መጣና ባለቤታቸው ልብስህን ውጭ አውልቅ እያለች ስትጨቀጭቃቸው ዓመታት ማለፋቸውን፣ እርሳቸው ግን እስከ ዛሬ ውሸቷን ነው ሲሉ እንደኖሩ ተናገሩ።

“ቆዳው እዚሁ ነው፤ ሽታውም አልቀነሰም” አሉ ሲስተር። “ሲደጋገምበት ጊዜ አፍንጫችሁ ነው የተወው። የአባቴም ሳንባ መድኃኒቱን የተወው እንዲሁ ነው። ፋታ ስጡልኝ፣ ይመለሳል።”

ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ለልጅ ሰጡ። አቶ እሸቴ ቡናማውን ጠዋት ማታ ሊስቡ፣ በአውድማም ፓፍ ላይዞር፣ የሚያስለው ጤና ጣቢያ ሊሄድ፣ የሚወቃውም አፍና አፍንጫውን በሻሽ ሊሸፍን ተስማሙ። ሸህ ኑሀ “አብሽሪ ልጄ” ብለው ዱዓ አደረጉላቸው፤ አባት ግን እያጉረመረሙ ነበር የሄዱት። በዓመቱ፣ ማሽላው ተወቅቶ ሲያልቅ፣ አቶ እሸቴ በእግራቸው ቆቦ ድረስ መጥተው የልጃቸውን ራስ ይዘው መረቁ።

ሲስተር ከዚያ በኋላ ስንቱን አስመኛ እንዳስተማሩ የሮቢትና የቆቦ ሰው ይመስክር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አካባቢያችን ደርሶ መድኃኒት ሲጠፋ፣ ቤታቸው ያለውን ሳይሰስቱ ለደጃቸው ለመጣ ሁሉ አካፍለዋል። በዚያ ጊዜ እህላቸውን ላካፈሏቸው ጎረቤቶቻቸውም እስከ መጨረሻቸው ሲያመሰግኑ ኖረዋል።

በ2016 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም ተያዙ። ሕመሙ ሲጠና ሐኪም የሚጠጣ ማስታገሻ አዘዘላቸው፤ ሲውል ሲያድር ግን የመጀመሪያው መጠን ሕመሙን ማስታገስ አቃተው። ሐኪሙ ጨምሩላቸው ቢልም ልጆቻቸው ሱስ ይሆንባቸዋል ብለው ፈሩ። ሲስተር ለማስረዳት አቅም አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ጥግ ይዘው የተቀመጡት አቶ እሸቴ ተነሡ።

“ይሄን እኔ አውቀዋለሁ” አሉ። “መድኃኒቱ አልደከመም፣ ሱስም አይደለም፤ ገላዋ ነው የለመደው። የኔ ሳንባ እብጠቱ ሲታከም መድኃኒቱን መልሶ ይሰማ ነበር፤ የሷ ገላ ግን አይመለስም። ሐኪሙ ካለ ጨምሩላት፣ ልጄ አትሰቃይ።”

ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ተሰጣቸው። ሲስተር የአባታቸውን እጅ እንደያዙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የቀሯቸውን ሳምንታት ልጆቻቸውን እያጫወቱ፣ ጠያቂያቸውን እየመረቁ አሳልፈው፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ሲስተር ፍሬሰላም ባለትዳርና የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው፣ ከዋጃ እስከ ጎብዬ መጥታችሁ ለሸኛችኋቸው ክርስቲያን ሙስሊም ወገኖቻችን ሁሉ ምስጋናችን ብዙ ነው። የሰማንያ አንድ ዓመቱ አባታቸው አቶ እሸቴም ዛሬ በመካከላችን ቆመው ልጃቸውን እየቀበሩ ነው። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አንድ ነገር ብቻ እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል፤ ቃላቸው ይህ ነው፦ “ዛሬ የማለቅስበትን ትንፋሽ የሰጠችኝ፣ ያን ጊዜ የከለከለችኝ ልጄ ናት።”

ለብዙዎች ደረት ፋታ የሰጡትን እናታችንን፣ እግዚአብሔር ድካም በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን። አሜን።