ከጀልባዎ ሥር የለካኋቸው ዛጎሎች

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 11

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? የላክሁልዎትን ቅባት ይቀቡታል ወይስ እንደ አምናው ለጎረቤት ሰጡት? እኛ ደህና ነን። እናቴ ልደታ ማርያምን ተሳልማ በመጣች ቁጥር ስምዎን ጠርታ እንደጸለየች ትነግረኛለች፤ ስለማይደውሉላት ግን ቅር ብሏታል።

እኔ በስልክ ልናገረው የማልችለው ነገር ስላለ ነው የምጽፍልዎ። ድምፅዎን ከሰማሁ አልጨርሰውም።

ለመሥሪያ ቤቴ ሪፖርት ከእናንተ ሐይቅ ያመጣኋቸውን መጤ ዛጎሎች ለክቼ ጨረስኩ። ቢሮአችን እየታደሰ ስለሆነ የሠራሁት ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ነው፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ዛጎል፣ አንድ በአንድ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሠርካዲስ ሽታው ቢያስቸግራቸው መጥተው፣ ይበላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሱ ነው እኛን የሚበላን አልኳቸው። መረብ ላይ ተጣብቆ እንደሚቆርጥ፣ የዓሣውን ምግብ ከውሃው አጣርቶ እንደሚጨርስ ነገርኳቸው። ታዲያ ለቅመሽ ጣይው እንጂ መለካቱ ምን ያደርጋል አሉኝ።

የሚያደርገውን ለእርስዎ ልንገርዎ። ዛጎሉ በእናንተ ሐይቅ በዓመት ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ ርዝመቱ ዕድሜውን ይናገራል፤ ትልልቆቹ ያሉበት ቦታም መጀመሪያ የገባበት ነው። ወንድምአገኝ ጀልባውን ከሚያስርበት ሥር ያገኘሁት ትልቁ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ጀልባውን ከውጭ ካመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። እርስዎ ከሚያስሩበት ግንድ ሥር ያሉት ሠላሳ አንድ ደርሰዋል።

መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ከተክለ ሃይማኖት ሌላ ገዝቼ እንደገና ለካሁ። ያው ነው።

የእርስዎ ጀልባ ዛጎሉ ቀድሞ ከነበረበት ከዚያኛው ሐይቅ ከመጣች አምስት ዓመቷ ነው። የእንጨት ጀልባ ከደረቀች ትሰነጠቃለች ብለው፣ ከዚያው ሐይቅ በጀሪካን ውሃ ቀድተን፣ ሆዷን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን በአይሱዙ ጫንናት። መኪናው በቆመ ቁጥር ጆንያውን የማረጥበው እኔ ነበርኩ። ያኔ የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታይ የዛጎል እጭ ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ እዘፍን ነበር።

መጤውን ያመጣኸው አንተ ነህ ተብሎ ወንድምአገኝ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ከተባረረ ሦስት ወሩ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ውሳኔውን ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ሚስቱን ዲንቄን ገበያ ላይ አግኝቻት ነበር። እየሳቀች፣ የአስጋሪ ልጆች ዓሣ ከገበያ መግዛት ለመዱ አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እኔን ያስተማረኝ የእርስዎ ዓሣ ነው፤ ይህን ስጽፍ እጄን ያከበደውም እሱ ነው። ቢሆንም ቁጥሩን አልቀይርም። ጆንያውን ያረጠብኩት እኔ መሆኔን በሪፖርቱ ላይ በስሜ ጽፌያለሁ። የማስገባው ሰኞ ነው። ወንድምአገኝ ከወረቀት ከሚሰማው ቀድሞ ከእርስዎ አፍ ቢሰማው እወዳለሁ። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ጉልበትዎ ያደርስዎታል።

ናሙና ልወስድ ስመጣ፣ ከእኔ ግንድ ሥር ያለው ጭቃ ብቻ ነው፣ አትልፊ ብለውኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብለው ቢተዉኝ እኔም እተወው ነበር። ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። እሑድ እርስዎ ቅዳሴ ሲሄዱ ወርጄ ያየሁት ለዚህ ነው። ይህንን በሪፖርቱ አልጻፍኩም፤ ለእናቴም አልነገርኳት።

መድኃኔ ዓለም ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ እግርዎንም ወደ ወንድምአገኝ ደጅ ይምራልዎ።

ጆንያውን ያረጠበችው፣
የእህትዎ ልጅ