ስለ ዳረልና ስለ ተቃጠለው መሣሪያ

ለውድ ታላቅ እህቴ ለቨርና፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ቀኝ ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ያስለምንሻል? የብሩም ከተማ ሙቀት በረድ አለላችሁ? ልጅሽ ማርጎትስ ከሆስፒታሉ ፈረቃ ትንሽ ዕረፍት አገኘች? እኔ ደህና ነኝ። ከባሕሩ የሚነሣው የክረምት ንፋስ መስኮቴን ሲያንገጫግጭ ያድራል እንጂ ሌላ የሚያስቸግረኝ የለም። የዓይኔን ሞራ ካስገፈፍኩ ወዲህ ደግሞ የጉንዳን እግር የሚያክል ጽሑፍ ያለ መነጽር አነባለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዳረል ካራቫኑን፣ ያን ባለ ጎማ ቤቱን፣ ጎትቶ እንደገና እናንተ ዘንድ እንደ መጣ፣ ቤትሽን ሸጠሽ አብረሽው አገር ለአገር እንድትዞሪ እንደ ጠየቀሽ፣ አንቺም መልስ ሳትሰጪው «አንተ ሐሙስ ሐሙስ አብረኸው ስለምትውል ታውቀዋለህ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው?» እንዳልሽኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር የእርሱ ብጤ ተማሪ ከክፍሌ ጠፍቶ አያውቅም። ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ፣ ስህተቱ ሲነገረው መጽሐፉን የሚወቅስ ማለት ነው።

በጡረተኞች ወርክሾፓችን ሐሙስ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ። አንዳችን ከቆሻሻ መጣያው ደጃፍ ካለችው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ስሙም ቤቱም የማይታወቅ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እናመጣለን። ፎጣ ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም በየተራው ከምን ዕቃ እንደ ወጣ ይገምታል። ግምት ያለ ምክንያት አይቆጠርም፤ ሁሉም ሳይናገር ደግሞ ኤሌክትሪክ አይሰጠውም። በጣም የተሳሳተ ሰው የሻይ ኩባያዎቹን ያጥባል። ከዚያ በኋላ ነው ፈትተን፣ በይደን እንደ ልባችን የምናደርገው። ከእኛው አንዷ ግዌን የዳቦ መጋገሪያ ቦርድ ቀይራ ቲማቲሟን በሰዓቱ ውሃ ታጠጣበታለች። ከዚህ የተሻለ የሽምግልና ጨዋታ አላውቅም።

ዳረል ግን ይህን ጨዋታ እንኳ አበላሸው። አንዴ ከሚዘፍን የፕላስቲክ ዓሣ መጫወቻ የወጣ ቦርድ ብናሳየው ሳይነካው «ይህ የሳተላይት ነው፤ እኔን አታስተምሩኝ» አለ። ድምፅ ማጉያውን ስናገናኘው ቦርዱ የዓሣውን ዘፈን መዝፈን ጀመረ። ግዌን በሳቅ ፈርሳ «በል ዳረል፣ ሳተላይትህ እየጠራህ ነው፤ ኩባያዎቹን አንሣ» ስትለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔማ ትክክል ነኝ፤ የሳተላይቱን ቦርድ ዓሣ ውስጥ የከተቱት ሠሪዎቹ ናቸው» አለ። አንድም ቀን አንድ ኩባያ አላጠበም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል የሰማሁት በልጅ አእምሮዬ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን በዳረል ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ሰው ሁሉ ጉድለት አለበት ብዬ ዝም ባልኩሽ። አሁን የምነግርሽ ወደ እናንተ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ሐሙስ የሆነውን ነው።

ሽማግሌውን ክላሪን ታስታውሽዋለሽ፣ ድሮ ፀጉርሽን ያስተካክልሽ የነበረውን። የኤሌክትሪክን ሞገድ በመስታወት ላይ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ የእርሱ የግሉ ነው፤ እንደ ልጁ እየጠረገ ነው የሚይዘው። ባለፈው ዓመት ግን ስም መርሳት ጀመረ፤ የመኪናውንም ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ስንፈልግ ዋልን። በራሱ ላይ ያለው እምነት ቀጭን ክር ሆኗል።

የዚያን ዕለቱ ቦርድ ላዩ ላይ ለስላሳ ሙጫ መሰል ነገር ፈሶበታል። ያ ውሃ እንዳይገባው የሚደረግ ነው፤ ስለዚህ የልብስ ማጠቢያ ነው አልኩ። ዳረል የሌባ ማስጠንቀቂያ ነው አለ። ከግድግዳ የሚመጣው ኃይል መግቢያ አጠገብ ሽቦ የተጠቀለለበት ሣጥን ስለነበረ «ይኸው ትራንስፎርመሩ፤ ኃይሉን ቀንሶታል፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ሕፃንም ይጫወትበታል» አለን። ያ ሣጥን ማጣሪያ እንጂ ትራንስፎርመር አልነበረም። በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ማጣሪያው ግን ምንም አይቀንስም፤ የግድግዳውን ኃይል እንዳለ ያሳልፈዋል። ሁለቱን ለመለየት በቴስተር መለካት በቂ ነው። እኔም «ቆይ፣ ልለካው» ብዬ ቴስተሩን ላመጣ ተነሣሁ።

«መምህር፣ ሚስትህንም ለክተህ ነው ያገባሃት?» አለኝና ግዌን ሳትገምት ቦርዱን የግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካው። ክላሪ ተቀምጦ የኦሲሎስኮፑን ማዞሪያዎች እያስተካከለ ነበር፤ ሁለት እጆቹም እዚያው ላይ ነበሩ። ዳረል ከኦሲሎስኮፑ በሽቦ የሚወጣውን ጥቁር ቆንጣጭ አንሥቶ ቦርዱ ላይ አጣበቀው። ያ ቆንጣጭ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው፤ እንዲህ ባለ ቦርድ ላይ ማጣበቅ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ መሬት ማፍሰስ ነው። እንደ ጥይት ጮኸ፤ ሽቦው ነደደ፤ ብሬከሩ ወርዶ ቤቱ ጨለመ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው የዳረል ድምፅ ነበር። «ክላሪ! ጋሼ ክላሪ፣ ምን ነካህ ደግሞ?» አለ። ክላሪም በተሰበረ ድምፅ «እኔ እንጃ፣ ልጄ... ምን ነካሁ?» አለ።

መብራቱ ሲመለስ በሁሉም ፊት «ያጣበቅኸው አንተ ነህ፤ አይቼሃለሁ» አልኩት። «በጨለማ ምን ታያለህ?» አለኝ። የጨለመው እርሱ ካጣበቀ በኋላ መሆኑን እንኳ ማገናዘብ አልቻለም፤ ወይም ችሎ ዋሽቷል፤ የትኛው እንደሚብስ አንቺ ፍረጂ። ግዌን ጀርባዋን ሰጥታ ሻይ እየቀዳች ስለነበር አላየችም። ከዚያ ዳረል የክላሪን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ግዴለም፣ በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አለው። ይቅር ብዬሃለሁ! ከጥፋቱ ይልቅ ምሕረቱ ነው የሚያቅለሸልሸኝ።

መሣሪያው ከዚያ ወዲህ አልበራም። ክላሪ የወርክሾፑን ቁልፍ መልሶ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ፓስቲ ይዤለት ሄጄ ነበር፤ አልቀመሰውም። «እጄ ሰው ሳይገድል ብቀመጥ ይሻላል» አለኝ። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት። እጄን ይዞ «አንተ ደግ ሰው ነህ፣ አይቮር፤ ልታጽናናኝ ነው» አለኝ። እኔን አያምነኝም። ከዳረል አፍ ካልሰማው በቀር ሰውዬው አእምሮዬ ሄዷል ብሎ እንዳመነ ይሞታል።

እንግዲህ ቤትሽን ሽጪም አትሽጪም አልልሽም፤ ታላቄ ነሽ። ግን መጻፌን ሳትነግሪው፣ እራት ላይ «የክላሪን መሣሪያ ያቃጠለው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። «እኔ ነኝ» ካለሽ እዚያው ስልክ ደውዪና ራሱ ለክላሪ ይንገረው። ያን ካደረገ ስለ እርሱ የጻፍኩትን ሁሉ ቅደጂው፤ የካራቫኑን ጎማም መጥቼ እኔ እነፋላችኋለሁ። «ክላሪ ነው» ካለሽ ግን፣ አንድ ምሽት ያ ካራቫን ከመንገድ ወጥቶ ሲገለበጥ በጨለማው ውስጥ የማንን ስም እንደሚጠራ ከወዲሁ ዕወቂ።

ማርጎትን ሳሚልኝ፤ በፈረቃ መሃል እህል ትቅመስ በይልኝ። ለባሏ ለሎክላን፣ መረቡ ዓሣ ይሙላለት። ልጃቸው ትንሿ ኢሞጀን የላከችልኝን ሥዕል ከምበላበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ፤ ፈረሱ አምስት እግር እንዳለው ግን ንገሪያት፣ ትቁጠረው። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ፓውላም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለዳረል ሰላምታ አልላክሁም፤ ረስቼ አይደለም።

የምትወጂው ታናሽ ወንድምሽ
አይቮር

ዋላሩ፣ ደቡብ አውስትራሊያ
ጁን 18 ቀን 2019