ጣሪያ ስለተሠራለት የዝናብ መለኪያ

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃና የጎርፍ መከላከል ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ከርሟል እላለሁ። ቤተሰብዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ምንጣፍዎም በደኅና እንደሚገኙ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኛ ከድልድዩ በታች የምንኖረው፣ ፍራሻችን ገና አልደረቀም እንጂ፣ ደኅና ነን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእናቴ ጋር በአንዲት ክፍል ውስጥ እኖራለሁ፤ መኝታችንም ሥራ ቦታዬም እሷው ናት። እናቴን እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ ከአልጋ የማነሣትም የማስተኛትም እኔ ነኝ። ውድ ጊዜዎን የምሻማውም ስለ እሷ ነው።

እንደሚያውቁት፣ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አንድ የዝናብ መለኪያ ቆሟል። የግቢው ጥበቃ በየጠዋቱ በውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ አንብቦ ወደ ቢሮዎ ይደውላል፤ ቢሮዎም በዚያች ቁጥር ተመርቶ የማስጠንቀቂያው ሳይረን ይጩህ አይጩህ፣ የወንዙ መከላከያ ግንብ ይጠገን አይጠገን ብሎ ይወስናል። ባለፈው ዓመት እንግዶች ሊጎበኙ ሲመጡ፣ መሣሪያው በዝናብ ምክንያት መዛጉ ታየና ዳግመኛ ዝናብ እንዳይነካው የቆርቆሮ ጣሪያ ተሠራለት። ክቡርነትዎም ሪባን ቆርጠው መረቁልን፤ ጭብጨባው ደማቅ ነበር።

ስለዚህም የሚከተሉትን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጣሪያው ሥራውን በሚገባ እየሠራ መሆኑን እመሰክራለሁ። ከምረቃው ወዲህ አንዲት ጠብታ እንኳ መለኪያው ውስጥ አልገባችም። ጥበቃው ካፖርቱ ከላይ እስከ ታች በስብሶ፣ ስልኩን ከዝናቡ በእጁ ጋርዶ፣ ዝናብ እንደሌለ በታማኝነት ሪፖርት ያደርጋል። አንድ ቀን ስለ ካፖርቱ ሊያስረዳ ሞክሮ፣ የሚፈለገው የመሣሪያው ንባብ እንጂ የግል አስተያየቱ እንዳልሆነ በትሕትና ተነግሮታል።

ሁለተኛ፦ ሰፈራችን በቢሮዎ መረጃ መሠረት ለድርቅ የተጋለጠ ተብሎ ሲመዘገብ፣ የግንቡን ሽንቁር ሊደፍን የመጣው ድንጋይ ተመልሶ ተጫነና በምትኩ ትልቅ የፕላስቲክ ውሃ ታንከር ተላከልን። ጥማችንን አስባችሁ ነውና እግዜር ይስጥልን። ታንከሩም አልባከነም፤ ጎርፉ በመጣ ቀን የጎረቤታችንን ዶሮዎች አናቱ ላይ አስፍሮ እየተንሳፈፈ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፦ ያው ጎርፍ። ሳይረኑ አልጮኸም፤ መጮኽም አልነበረበትም፣ በወረቀት ዝናብ አልነበረምና። ውሃው በሽንቁሩ ገብቶ አልጋው ጫፍ ሲደርስ፣ እናቴን አንሥቼ ልብስ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንድ ደንበኛዬ የሠርግ ሱፍ ላይ አስተኛኋት። እሷ ሱፉ እንዳይጨማደድ ስትጨነቅ፣ እኔ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ይዤ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆምኩ። ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ እናቴን የማጣት መስሎኝ ነበር። ውሃው ሲጎድል ከአልጋዋ በላይ የነበረው ጣሪያ ከነግድግዳው ሄዷል። ግድግዳውን ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን አቆምነው፤ በጣሪያው ፈንታ ግን ላስቲክ ወጥረናል።

አቤት ስንል የተሰጠን መልስ እጅግ ሳይንሳዊ ነበር። በዕለቱ ዝናብ ስላልተመዘገበ ቤታችን የገባው ውሃ ጎርፍ ሊሆን እንደማይችል፣ ምናልባት ቧንቧ ፈንድቶ እንደሆነ ተገልጾልን ወደ ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ተመራን። ከዚያ የመጡት ባለሙያ ሰፈሩን ሲዞሩ ውለው ቧንቧ ፈለጉ። ቢኖረን ኖሮ እኛም ደስ ባለን ነበር።

አራተኛውን ቅሬታ ትቼዋለሁ፤ ደግሜ ሳነበው ሦስተኛውን መድገም ሆነብኝ።

ልመናዬ አንድ ነው። ክረምቱ እየገባ ነው፤ እናቴን ዳግመኛ ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት አልፈልግም። እባክዎ ከመለኪያው በላይ ያለው ጣሪያ ይነሣልን። እርግጥ ነው፣ ቀደም ሲል በቃል ጠይቀን፣ ጣሪያው የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ኮሚቴ አይቶት ሊወሰን እንደሚገባ፣ ኮሚቴውም መንገዱ ጭቃ ስለሆነበት ሲደርቅ እንደሚመጣ ተነግሮናል። ዝናብ በሌለበት ሰፈር ጭቃው ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ ይጽና፣ ጫማዎን ጭቃ አይንካው እያልኩ፣ በውሃ የተኮማተረ ኮፍያዬን አውልቄ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ከድልድዩ በታች ያለው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦ ለጤና ጣቢያው ጥበቃ፣ ካፖርታቸው ሲደርቅ እንዲያነቡት።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሰማዩ ጠቆረ፤ ላስቲኩም ተቀደደ። ኮሚቴውን በጭቃ ማንገላታት ስለከበደን፣ ጣሪያውን ከመለኪያው ላይ አውርደን ወደ እናቴ አልጋ አናት አዛውረነዋል። በልኳ የተሰፋ ይመስል ልክክ ብሏል። መሰላሉን የያዘልኝን ሰው አልናገርም፤ ካፖርቱ ግን ርጥብ ነበር። ኮሚቴው ሲመጣ ንብረቱን እዚያው ያገኘዋል፤ እናቴም ከሥሩ ደረቅ ሆና ተኝታ ትጠብቃቸዋለች። ዛሬ ጠዋት ከመለኪያው የተነበበው ቁጥር ቢሮውን እንዳሸበረው ሰምቻለሁ። አይስጉ ክቡርነትዎ፤ ዝናብ ነው።