የጋሽ አዳሙ ጠብታ

ሞጣ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ባንተአምላክ
ቢቸና

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በእርስዎ ነገር አንጀቴ እያረረ ሰነበትኩ እንጂ ደህና ነኝ። ደብዳቤ የጻፍኩት፣ በስልክ የዓይንዎን ነገር ሳነሳ «ድምፅሽ ይቆራረጣል» እያሉ ስለሚዘጉብኝ ነው። ወረቀት አይቆራረጥም።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች፤ እንዳይቆጧት። ከንፈርዎ ላይ ምች ወጣ፤ በሳምንቱ ቀኝ ዓይንዎ ቀላ፤ ጋሽ አዳሙም የዓይን ሞራ ሲገፈፍላቸው ከተረፈቻቸው ጠብታ አካፈሉዎት። ሰው እንዴት የሌላ ሰው መድኃኒት ዓይኑ ውስጥ ይጨምራል? ጭራሽ «ቅላቱ ጠፋ፣ እግዜር ይስጣቸው» አሉ አሉ። ወይ አባዬ!

ስድስት ዓመት የዓይን ነርስ ሆኜ ለአገር ሁሉ አስረዳሁ፤ ለገዛ አባቴ ማስረዳት አቃተኝ። የከንፈሩ ምችና የዓይኑ ቅላት አንድ ቫይረስ ነው። ቆዳ የተያዘውን ሕዋስ ገድሎ በሌላ ይተካል፤ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ በቃ። ነርቭ ግን ከሞተ ስለማይተካ ሰውነት እንደዚያ አይጨክንበትም፤ ቫይረሱም እዚያ ተኝቶ ይኖርና ሲመቸው ይነሳል። ዓይን ደግሞ ጠባሳ ከያዘ ብርሃን አያስገባምና ሰውነት እዚያ የሚዋጋው እየተጠነቀቀ ነው። ያ ቅላት ውጊያው ነበር። ጠብታዋ ተዋጊዎቹን አስተኛች እንጂ ቫይረሱን አልነካችውም። አሁን ከልካይ አጥቶ ዓይንዎን እየበላ ነው። ከእንግዲህ እንዳይጨምሯት፤ የእኛ ሆስፒታል ሐኪም እንዲያያት ግን ይዘዋት ወደዚህ ሞጣ ይምጡ።

«ቅኔ በቃል ነው፣ ዓይን አይፈልግም» ብለው በተማሪዎችዎ ፊት ቀለዱ አሉ። እማዬ ስትነግረኝ አለቀስኩ። ቅኔው አይፈልግ ይሆናል፤ እኔ እፈልጋለሁ። ስመጣ ገና ከሩቅ አይተው «መጣሽ፣ የትናየት?» የሚሉኝን ዓይን እፈልጋለሁ።

ጉባኤዎን ያጽናልዎት፤ የዓይንዎን ብርሃን አይንሳዎት።

ልጅዎ የትናየት

አንድ ነገር ብቻ፦ ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑና ይህችን መስመር በቀኙ ያንብቧት። ካነበቧት በነገው መኪና ይምጡ። ግራውን ገልጠው ከሆነ ያነበቧት ግን፣ አባዬ፣ ነገን አይጠብቁ። አሁኑኑ ይደውሉልኝ። ድምፅዎ ቢቆራረጥም እሰማዎታለሁ።