የዘር ክፍል ኃላፊያችን ሕልፈትና በጓዳቸው የቀረው ጠርሙስ

የባሕር ረቂቅ ተሕዋስያን ምርምር ማዕከል የዘር ክፍሉን ለረጅም ዓመታት የመሩትን ከፍተኛ ተመራማሪ ባለፈው ሰኞ በድንገተኛ የልብ ሕመም አጥቷል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ይህን መግለጫ ለሠራተኞቻችን፣ የካንሰር መድኃኒታችንን ለሚወስዱ ሆስፒታሎችና ለሕዝቡ የምናወጣው ግን ከሐዘናችን ባልተናነሰ ስጋት ውስጥ ሆነን ነው።

ሟቿ ሥራ በጀመሩበት ዘመን ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው መድኃኒት የሚወጣው ከባሕር ስፖንጅ ነበር። አንዲት ብልቃጥ ለመሙላት ጠላቂዎች የባሕሩን ወለል እየላጩ በጆንያ ያግዙ ነበር። መድኃኒቱን የሚሠራው ስፖንጁ ሳይሆን በውስጡ የሚኖር ባክቴሪያ መሆኑን ያረጋገጡት እሳቸው ናቸው። ባክቴሪያውን ለይተው በገንዳ ማርባት ከቻሉ በኋላ የጠላቂዎቹ ሥራ ቆመ፤ የተራቆተው ወለልም ማገገም ጀመረ።

በቀጠሉት ዓመታት ምርቱን ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ ወደ ትልልቅ ገንዳዎች አሸጋገሩ። ለባክቴሪያው ቀለብ የሚሆነውንም ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት አዘጋጁ።

ገንዳው የሚሞላበትን የባሕር ውሃ ጨው በመሣሪያ ከለኩ በኋላ በምላሳቸውም ስለሚያረጋግጡ ሠራተኛው «እትዬ ጨው» ይላቸው ነበር። ባክቴሪያው ለገንዳው የሚሰጠው ብርቱካናማ መልክ የደበዘዘ ዕለት «ዛሬ ልጆቼ አኩርፈዋል፤ እናንተም ድምፃችሁን ቀንሱ» ይሉ ነበር።

ይህ የባክቴሪያ ዘር በማቀዝቀዣ አይቆይም። በሕይወት የሚቀጥለው ከአሮጌው ውሃ ተቀንሶ ወደ አዲሱ ሲጨመር ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዳዎች በሚታጠቡበት ጊዜ ሁሉ አንዱ ሳይነካ ይቀራል። የትኛው እንደሚቀር የሚወስኑትም እሳቸው ነበሩ።

የቀብሩ ዕለት የሆነውን አንሸሽግም። እንግዶች የሥራ ክፍላቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ በመባሉ ሠራተኞቻችን ለክብራቸው ሲሉ ክፍሉን አጸዱ። የጠዋቱ ቡድን የደረሰበትን አጥቦ በበረኪና አለቀለቀ፤ የከሰዓቱ ቡድን ቀሪውን ጨረሰ። አንዱ ቡድን ሌላው ያስቀረ መስሎት ነበር። ማታ ሲታይ ሁሉም ገንዳ ነጭ ሆኗል።

ከቱቦዎቹ ጥግ ተጠርጎ የተገኘውን ዝቃጭ አዲስ ውሃ ውስጥ ብንጨምረውም እስካሁን ብርቱካናማ መልክ አላወጣም። በመጋዘን ያለው መድኃኒት ከጥቂት ወራት አያልፍም። ከዚያ በኋላ ወይ ሕሙማኑ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፣ ወይ ጠላቂዎቹ ጆንያቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ሁለቱም እንቅልፍ ነስተውናል።

የቀረን ተስፋ አንድ ነው። ከዓመታት በፊት መብራት ለብዙ ቀናት ጠፍቶ ዘሩ በገንዳዎቹ ውስጥ ሞቶ ነበር። መብራቱ በተመለሰ ማግስት ሟቿ ብርቱካናማ ውሃ የሞላው ጠርሙስ ይዘው መጡ። ከየት አገኙት ሲባሉ «ከጓዳዬ» ብለው ሳቁ፤ እኛም ቀልድ መስሎን አብረን ሳቅን። ትናንት ስንደውል ትልቋ ልጃቸው የነገሩን ግን ይህን ነው፦ «ምን ቀልድ አለው፣ እማዬ መስኮቱ ሥር ጠርሙስ አታጣም። አሁን ግን ጓዳውን የያዙት ጎረቤቶች ናቸው፤ ዕቃ ሲታጠብ ነው የዋለው። እኔም ገብቼ ለማየት ፈራሁ።»

ወደ ቤታቸው የሄዱት ባልደረቦቻችንም አባወራውን አጽናንተው፣ በሐዘን ቤት ስለ ጠርሙስ መጠየቅ አሳፍሯቸው ሳያነሱት ተመልሰዋል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና በየፈረቃው አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ቤተሰቡን ለማገዝ ጓዳ ለገቡ እናቶችና እህቶች ደግሞ አንድ ልመና አለን። መስኮቱ ሥር የተበላሸ ጭማቂ የሚመስል፣ ሽታው የባሕር የሆነ ጠርሙስ ካያችሁ እባካችሁ አትድፉት። የደፋችሁም ብትኖሩ አንቀየማችሁም፤ እኛም አጥበናል። የት እንደደፋችሁት ብቻ፣ ቦታው ሳይደርቅ ንገሩን።