ሙሉ ሰው እና የሚያፈስ ኩባያ

ለውድ ወንድሜ ለቶማ ሻንቆ፣

ሰላምታዬ ከዳሞታ ተራራ ተነሥቶ፣ ባሕሩንም አየሩንም ተሻግሮ፣ ስሙን ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ አስተካክሎ መጥራት ካቃተው አገርህ ድረስ ይድረስህ። እንዴት ነህ? በረዶው እንዴት ይዞሃል? ጆሮህ አለ ወይ? ባለፈው ደብዳቤህ በብርዱ ምክንያት ጆሮዬ ሊወድቅ ደርሷል ብለህ ስለ ጻፍክ እማዬ ለጆሮህ ስትጸልይ ከርማለች፤ ለቀኙ ጠዋት፣ ለግራው ከሰዓት በኋላ። እንቅልፍህስ? ሆድህስ ምግባቸውን ተቀበለ? እኔ እህትህ እታፈራሁ በጤና አለሁ። እማዬ በጤና አለች። እንሰቱ በጤና አለ። ጥቁሯ ላም ወልዳ እሷም ጥጃዋም በጤና አሉ።

አባባም ደህና ናቸው ብለሽ ጻፊ ተብያለሁ።

ያሉኝ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ተሰብስበው መከሩና፣ ወገን በሌለበት አገር ለተቀመጠ ልጅ መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሲመጣ ጎሕ ሳይቀድ ከብበን እንነግረዋለን አሉ። እኔም መምህርት ነኝና ትእዛዝ አከብራለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ። አባባ ደህና ናቸው። ያ ሳል ለቋቸዋል። ወገባቸውን አያማቸውም። የአስካለች አባት አቶ ኤርሳዶ መንገድ ላይ ፊታቸውን ቢያዞሩባቸውም ቅር አይላቸውም። ከቤታችን ጓሮ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰላም ተኝተዋል።

ታዘዝኩ። አሁን ቁጭ በል፣ ወንድሜ። አብሮህ የሚያድር ሰው ካለ ጥራው፤ ቋንቋችንን ባይሰማም አጠገብህ ይቀመጥ። አባታችን መጋቢት ሃያ ሁለት ቀን ጠዋት ሞተዋል። እኔና እማዬ ነበርን፤ እጃቸው በእጄ ነበረ። አልቅስ። አልቅሰህ ስትጨርስ ቀሪውን አንብብ፤ ቀሪውም የሚያስቅ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ቢመስልም።

የገደላቸው ሳንባቸው ነው። ሐኪሙ እንዲህ ብሏል። ሰፈሩ ግን የገደላቸው ኮሌጅህ ነው ይላል። አንተ ነገርን ከሁለት ወገን መስማት የምትማር ሰው ነህና የሰፈሩንም ስማ።

አንተ ከሄድክ ጀምሮ የሶዶ ሰው ስለ ኮሌጅህ ያልተናገረው የለም። መጀመሪያ ተማሪው ሦስት መቶ ብቻ ነው ብለህ ስትጽፍ ተሣቀብን። የእኛ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንኳ ስምንት መቶ ልጅ አለበት፤ ለሦስት መቶ ሰው ነው እንዴ ባሕር የተሻገረው አሉ። ቀጥሎ የግል ኮሌጅ ነው፣ የመንግሥት አይደለም ስትል ደግሞ፣ እንግዲያው የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ አስጠግተውት ነው ተባለ። የጨርቅ ነጋዴው አቶ ተድላ ብቻ ጥብቅና ቆሙልህ፤ ትንሽ ሱቅ አትናቁ፣ ባለቤቱ ደንበኛውን ሁሉ በስሙ ያውቃል አሉ። የተማረ ሰው መጨረሻው ለሰፈራችን ግልጽ ነው። ሐኪም ሆኖ ይወጋናል፤ ዳኛ ሆኖ ያስረናል፤ ጸሐፊ ሆኖ ነገ ተመለሱ ይለናል። ቶማስ ምን ሊሆን ነው? አባባ ይህን ሲጠየቁ ኮታቸውን ያስተካክሉና፣ ገና እየተማረ ነው ይሉ ነበር። በልባቸው ግን ይበላቸው ነበር። እኔን በጻፍኩ ቁጥር ጠይቂልኝ ይሉኝ ነበር።

አንተም መልስ ላክህ። ትዝ ይልሃል መልስህ? ይህ ኮሌጅ አንድ ሙያ አያስተምርም፣ ሰውን ሙሉ ያደርጋል አልክ። አነበብኩላቸው። አባባም፣ እስከ ዛሬ ምኑ ጎድሎ ነበር አሉኝ።  ወሬው ደግሞ አጥር ዘሎ ከአቶ ኤርሳዶ ደረሰ። አቶ ኤርሳዶም ሻንቆ ልጄን ያጨው ለጎደሎ ኖሯል እንዴ ብለው ሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። መስከረም ላይ ኮሌጅህ ለወላጅ የሚልከው ደብዳቤ ከፎቶግራፍ ጋር ሲደርስ እኔ ለማስተማር ቢጠና ከተማ ሄጄ ነበር። አባባ እስክመጣ ትዕግሥት አጡ። ከፍርድ ቤቱ በር ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ አቶ ወልደመስቀል ወሰዱት። አቶ ወልደመስቀል እንግሊዝኛን የሚያውቁት እኔ ጨረቃን የማውቃትን ያህል ነው፤ ከሩቅ አይቻታለሁ። የኮሌጅህ ትምህርት ሊበራል አርትስ ይባላል የለ? ሊበራል የሚለውን ነፃ አሉት፤ ብለውም ዘበኛው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አርትስ የሚለውን ጥበባት አሉት። ከዚያም በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ ልጅዎ በነፃ የጥበባት ቤታችን በአእምሮውም በእጁም እየሠራ መልካም ፍሬ በማሳየት ላይ ይገኛል ብለው ገለበጡት።

አባባ ወረቀቱን ይዘው እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሙ። አንብቡልኝ አሉ። አንባቢው ወንጌላዊው ደገፉ ነበረ፤ ከአማርኛ ወደ ወላይትኛ እየመለሰ። እስከ ጥበባት ድረስ በደንብ መጣ። እዚያ ላይ ቆመ። በዚህ አገር አማርኛ ጥበበኛ ማን እንደ ሆነ ታውቃለህ፤ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ቆዳ ፋቂ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ነው። ደገፉ ግራ ቢገባው ይረዳኛል ብሎ ፎቶግራፉን አየ። በፎቶግራፉ ላይ አንተ ሽርጥ ታጥቀህ፣ እስከ ክርንህ ጭቃ ውስጥ ገብተህ፣ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ማሰሮ የሚመስል ነገር አቅፈህ ትሥቃለህ። ከዚያ በኋላ ደገፉ አልተጠራጠረም። ጪናሻ አለ፤ ከሸክላ ሠሪ ወገን ደመረህ።

 ሸክላ ሠሪዎቹ እነ ዘነቡ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት የበሩ አግዳሚ ላይ ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ፊት አዩ ይባላል። አባባ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ያንን ሳምንት አይተህ ቢሆን ኖሮ! ጾም አያውቅም እየተባለ የሚታማው ጉባኤያችን፣ እኛ ቤት ሲደርስ ሁሉ ጾመኛ ሆነ። ጎደሬው፣ ቦይናችን፣ ቢቀርብ በልቼ ነው የመጣሁት፤ ቅቤ ያለበት የቃሪያ ዳታ ቢቀርብ ሆዴን አሞኛል። በመዝሙር ጊዜ ሁላችን አንድ አካል ነን፤ ሰሐን ሲመጣ አካሉ ይበታተናል። የሚበላው ነገር ሁሉ የበሰለው በዘነቡ ድስት እንደ ሆነ ለማንም ትዝ አላለውም። ድስቷ ይገባል፤ እሷ ውጭ ትቆማለች።

እኔ መዝገበ ቃላቴን ብብቴ ሸጉጬ ከቤት ቤት ዞርኩ። መዝገበ ቃላቱም ከአቶ ወልደመስቀል አይሻልም፤ ሊበራል ቸር ወይም ለጋስ ነው፣ አርት ብልሃት ነው ይላል። ለጋስ ብልሃት ብዬ ማንን ላሳምን? አቶ ኤርሳዶ ደጃፍ ላይ ጨነቀኝና፣ ወንድሜ ሸክላ ሠሪ አይደለም፣ ከዚያስ ሞቱ ይሻለኛል ብዬ ጮኼ ማልኩ። ዞር ስል ዘነቡ ማሰሮዎቿን በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ ታልፋለች። ሰምታለች። እንደምን ዋልሽ ብላኝ አለፈች። ይህን ምላሴን ፈጣን ነው ብለህ ታመሰግነው የለ? እኔ ያን ቀን ጠላሁት። መሐላዬም አልረዳ፤ እጮኛህን አስካለችን በጥር ለዲምቱ ቡና ነጋዴ ዳሯት። በአንድ ቴምብር ሁለት መርዶ ላክሁብህ፤ ይቅር በለኝ።

ያን የሸክላ ክፍል ተው፣ ፎቶግራፉም የእኔ አይደለም ብለህ ጻፍልን ብዬ የለመንኩህም በዚያው ሰሞን ነው። አንተ ግን በደብዳቤ ፈንታ ኩባያ ላክህ። ከዕረፍት የተመለሰችው የሚሲዮን ነርስ በሻሽ ጠቅልላ አመጣችው። ለአባባ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ይላል ወረቀቱ። አባባ አንድ ጊዜ አገላብጠው አዩትና ከበሩ ኋላ አስቀምጡት አሉ። አንድ ወር እዚያው ተቀመጠ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ከአልጋ ዋሉ። ጠያቂ አልመጣም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውሃ ስሰጣቸው፣ በዚያ በልጁ ነገር አድርጊልኝ አሉኝ። አደረግሁ። ከአፋቸው ሳይደርስ ደረታቸው ራሰ። ኩባያህ ከሥሩ ያፈሳል፣ ቶማ። አባባ ደረታቸውን አዩ፣ ኩባያውን አዩ፤ ከዚያ ከመስከረም ወዲህ ያልሰማሁትን ሣቅ ሣቁ። ሳል እስኪይዛቸው ድረስ። ሙሉ ሰው ይሆናል አልሽኝ፣ ኩባያው እንኳ አልሞላለት አሉ። ከዚያ ቀጥለው ዘነቡን ጥሩልኝ አሉ። እማዬ፣ ወዴት? እዚህ? ውስጥ? አለች። በዚህ ሳንባዬ ውጭ ወጥቼ ላነጋግራት ነው ወይ ብለው ተቆጧት።

ዘነቡ መጣችና ደፍ ላይ ቆመች። ግቢ ሲሏት አልገባችም፤ በኋላ ለምን ገባሽ እንዳትባል ፈርታ ነው። ሦስቴ ተለምና ገባች። እኔን አላየችኝም፤ እኔም መሬት መሬት አይ ነበር። ኩባያውን ተቀበለች፤ በጥፍሯ መታ አድርጋ እንደ ሐኪም ጆሮዋን አስጠጋች። ጭቃው አልታሸም አለች። ቸኩሏል። እሳትም አልጠገበም። ማንም አላሳየውም እንዴ? ትልቅ ትምህርት ቤት ነው ስትሉ አልነበር? አባባ፣ ትንሽ ነው፣ ሦስት መቶ ናቸው አሏት። እሷም፣ ከሦስት መቶ አንድ የሚያውቅ ይጠፋል አለች። ደግማ አገላበጠችው። እጁስ ክፉ አይደለም፤ የማን ልጅ ነው አለች፣ እያወቀች፣ እየቀለደች። አባባም ቀና አሉና፣ የእኔ ልጅ ነው አሏት።

ወተት አፍልታ ስንጥቁን ቀባችው። ግማሽ ቀን ይዞ ዋለ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ። አባባ ቦይና አቅርቡ ብለው ከእሷ ጋር ከአንድ ሰሐን በሉ፤ ሁለት ጉርሻ ብቻ ነው የቻሉት። ጎረቤት አየ። ሰፈሩ የቀረችውን እግሩንም ሰበሰበ። አባባ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በሌላ ዕቃ አልጠጡም፤ ግራ እጃቸውን ከሥሩ እየደቀኑ ይጠጡ ነበር።

ሲሞቱ እድሩ ደንቡን አልረሳም። ድንኳን ላከ። ሰው ግን አልላከም። ባዶ ድንኳን ስትታይ ምን እንደምትመስል በኮሌጅህ ካላስተማሩህ እኔ ልነግርህ አልችልም። ዘነቡ ከወንድሞቿ ጋር አሥራ አንድ ሆነው መጡ። መቃብሩን የቆፈሩት እነሱ ናቸው፤ አፈር እናውቃለን አሉ። አቶ ተድላ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አቶ ኤርሳዶ ከአጥሩ ውጭ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ሥርዓቱ እስኪያልቅ አልሄዱም፣ አልገቡምም። ደገፉ ጸለየ። ጸልዮ ሲያበቃ እያለቀሰ ወደ እኔ መጣና፣ እቴ፣ በአንድ ቃል ነው ይህን ሁሉ ያመጣሁት፤ ታዲያ ትክክለኛው ቃል ምን ነበር አለኝ።  ሊበራል አርትስ በወላይትኛ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አንተ ካገኘኸው ጻፍለት፤ እንቅልፍ አጥቷል።

ያን ክፍል ተው፣ ካድ ብዬ የጻፍኩልህን ደብዳቤ ቅደደው። እንዳትክድ። አባባ ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት ያሉኝን እነሆ እንዳሉት፦ ንገሪው፣ ቸኩሏል፤ ጭቃውን ይሽ፤ ሌላ ይሥራ። ሌላ የመከሩህ ምክር የለም። እንግዲህ የምትሆነውን ሁሉ ስትሆን፣ ሐኪምም ሁን ሙሉ ሰውም ሁን፣ አንድ የማያፈስ ኩባያ ዕዳ አለብህ።

እማዬ ጉንጭህንም ሁለቱንም ጆሮህን ትስማለች። አክስታችን ሙሉሐረግ ከዲምቱ መጥታ ሁለት ሌሊት ለቅሶ ተቀምጣ ተመልሳለች፤ በርታ ብላሃለች። ደገፉ ይቅር በለኝ ብሎ ሰላም ይልሃል። አቶ ተድላ ትንሽ ሱቅ አትልቀቅ ብለዋል። ዘነቡ፣ አሁን ከቤታችን ሰው ትቆጠራለችና፣ ሰላም ትልሃለች፤ ስትመጣ ከእጄ ሥር ሦስት ወር ትቀመጣለህ ትላለች። እኔም ስለዚያ መሐላ ይቅርታ ጠይቄያት፣ እኔ እኮ ሰምቼሽ አላውቅም ብላ ዋሽታኛለች።

ኩባያህ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስጀምር ሞልቼው ነበር፤ አሁን ከግማሽ ወርዷል። ወረቀቱ በስተቀኝ ጥግ ላይ ረጥቦ ቀለሙ ቢፈስብህ እንባ እንዳይመስልህ። የገዛ እጅህ ሥራ ነው።

እህትህ እታፈራሁ ሻንቆ
ሶዶ፣ ሚያዝያ ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.